ሦስት ያልበሩ ድንጋዮች

ያለፉትን ሳምንታት ላልተከታተላችሁኝ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስሜ ኦልጅራ ነው፤ የወለጋ ልጅ ነኝ፣ አባቴም ወንጌላዊ ናቸው። ሥራዬ ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሰፈራ ጣቢያ የሬድዮ መገናኛ ሠራተኛነት ነው። የምወዳት ልጅ ሰዕዲያ ትባላለች። የአሶሳው ነጋዴ የሐጂ ሻዕባን ልጅ ናት፤ ከበርታ ብሔረሰብ ናት፣ ሙስሊም ናት። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አይደለሁም። ችግሩ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ዛሬ የምተርክላችሁ በ1978 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ከአንድ ቅዳሜ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ሰኞ የሆነውን ነው። ስተርክላችሁ እንባዬ ካልመጣ አትቀየሙኝ። ያን ሳምንት ውስጤ ደንዝዞ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው የሚመጣብኝ ያው መደንዘዝ ነው።

መጀመሪያ ሥራዬን እወቁልኝ። ስድስት የሰፈራ መንደሮች አሉ፣ አምባ ይባላሉ። በእያንዳንዱ አምባ አንድ ሬድዮ አለ፤ ዋናው እኔ ዘንድ፣ በቆርቆሮ በተከደነች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ተራ በተራ እጠራቸዋለሁ። «አምባ አንድ፣ ይሰማል?» እላለሁ። «ይሰማል» ይሉኛል። ዝም ያለው ተበላሽቷል ማለት ነው። በእኔ ሥራ ዝምታ ሌላ ትርጉም የለውም። መሣሪያ ሻንጣዬን አንስቼ ትራክተር ካገኘሁ በትራክተር፣ ካላገኘሁ በእግሬ እሄዳለሁ።

«ሬድዮው ሞተ» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከፍታችሁታል ወይ?» ብዬ ነው። አትሳቁ፤ ለአንድ ቁልፍ ብዬ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሬ ሄጄ አውቃለሁ። አምባ አራት ደግሞ የአየር ሽቦው ላይ ልብስ አስጥተው «ድምፁ ታፈነ» ብለው ከሰሱኝ። በአምባ ሁለት የሽቦውን ልባስ ምስጥ በልቶት ነበር። ከሁሉም የሚብሰው ግን ድንጋይ ነው። ከአሥር ብልሽት ስምንቱ የባትሪ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሥርዓት አለኝ፤ መጀመሪያ ድንጋዩን አያለሁ፣ ቀጥሎ ሽቦውን፣ ከዚያ መሣሪያውን። ሰውየውን የምጠረጥረው በመጨረሻ ነው። ይህን ሥርዓት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ አሳፍሬዋለሁ።

ቢሮው ከላይ የሚላክለት ድንጋይ ነበረው። መጠቅለያው ያምራል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግን ውሃ ይተፋል። «ርካሽ የሚገዛ ሁለት ጊዜ ይገዛል» ብዬ ለአስተባባሪያችን ለጓድ ሀብቱ ብነግራቸው «ቁጠባ አብዮታዊ ግዴታ ነው» አሉኝ። የሞተ ድንጋይ ቁጠባ ይሁን አይሁን አላውቅም። ለማንኛውም ስድስቱ አምባዎች በአንድ ቀን ዝም ሲሉባቸው ከከተማ እንድገዛ ፈቀዱልኝ።

የሐጂ ሻዕባንን ሱቅ የማውቀው በዚህ ነው። ገበያ ዳር፣ ከመስጊዱ ትይዩ ያለች፣ ግድግዳዋ ቀርከሃ የሆነ፣ መስኮት የሌላት ጨለማ ሱቅ ናት። ድንጋዩ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የሚመጣ ነው፤ ውድ ነው፣ ግን አያሳፍርም። በብዙ ገበያ ስገዛ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያች ሱቅ ገዢን የሚያከብር አላየሁም። በቀርከሃ ስንጥር ላይ የታሰረች፣ ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ አምፖል ሚስማር ላይ ተሰቅላለች። ሰዕዲያ እያንዳንዱን ድንጋይ በዚያች አምፖል ሳትሞክር አትሸጥም።

«አባቴ ያልበራ አይሸጥም» አለችኝ የመጀመሪያ ቀን። «ያልበራ ካለ መልስ። ይቀየራል።»

አንዱ መገናኛ ስምንት ድንጋይ ይበላል፣ በየሳምንቱም የአንዱ ተራ ነው። ስለዚህ በየቅዳሜው፣ በዚያች ጨለማ ሱቅ ውስጥ፣ የሰዕዲያ ፊት ስምንት ጊዜ በርቶ ስምንት ጊዜ ይጠፋል። መጀመሪያ አምፖሏን ታያለች፣ ቀጥላ እኔን ታያለች። ስምንት ድንጋይ የሚበላ መሣሪያ የፈጠረውን ሰው እግዚአብሔር ይባርከው እል ነበር። አራት የሚበላ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር!

አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ቢልም፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራ ነበርና ደብዳቤ እንጻጻፍ ጀመርን። በድንጋዩ መጠቅለያ ወረቀት ላይ እየጻፈች ትሰጠኛለች፣ እኔም በሚቀጥለው ቅዳሜ እመልሳለሁ። «ሽማግሌ እልካለሁ» አልኳት በገና ሰሞን። «ላክ» አለችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ለአባቴ ጻፍኩ። መልሱን ስጠብቅ ሁለት ወር አለፈ።

የአባቴ መልስ የደረሰኝ በዚያ ዓርብ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ፣ ሰው በየጓሮው ተደብቆ የሚጸልይበት ጊዜ ነበር። «የጌታን ቤት በር መንግሥት አሽጎብኛል፤ የእኔን ቤት በር ደግሞ አንተ አታሽግብኝ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። አንብቤ አጠፍኩት፣ ኪሴ ከተትኩት። ማዘንም መናደድም ይገባኝ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም።

በማግስቱ ቅዳሜ ደብዳቤውን እንደያዝኩ አሶሳ ሄድኩ። ሰዕዲያ ብቻዋን አልነበረችም። የአባቷ እህት ዐፊፋ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃችንን ይጠብቃሉ። አምፖሏ ከሚስማሩ አልወረደችም። ሰዕዲያ ስምንቱን ድንጋይ በወረቀት ጠቅልላ ገፋ አደረገችልኝ።

«አትሞክሪያቸውም?» አልኳት።

«ዛሬ ሰው ብዙ ነው» አለች። ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ገዢ አልነበረም። ቀና ብላም አላየችኝ። «ያልበራ ካለ መልስ። ሐሙስ ሳይመሽ መልስ።»

መጠቅለያውን መንገድ ላይ ፈትቼ ገልብጬ አየሁት። አንድ ፊደል አልተጻፈበትም።

ጣቢያ ደርሼ ድንጋዮቹን ስከት መገናኛው አልነሳም አለ። አንድ በአንድ በመለኪያ አየኋቸው። አምስቱ ደህና ናቸው፤ ሦስቱ ግን መርፌዋን ንቅንቅ አላደረጓትም። በድን ናቸው። እጄ ላይ ይዣቸው ቆሜ ቀረሁ። አባቷ ያልበራ አይሸጡም፤ እሷ ያልበራ ሸጠችልኝ። ፊቷን ነፈገችኝ፣ አምፖሏን ነፈገችኝ፣ በመጨረሻ የሞተ ድንጋይ አስታቀፈችኝ። ይህ መልስ ካልሆነ ምን መልስ ነው? አባቴ አሽገውታል፣ እሷም አሽጋዋለች አልኩ። ድንጋይ፣ ሽቦ፣ መሣሪያ እያልኩ የምፈትሽ ሰው በዚያን ቀን ቀድሜ የጠረጠርኩት ሰውን ነው።

የሬድዮ ክፍሉ ዘበኛ አንለይ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው፤ የሚጣል ነገር አያውቅም። ድንጋዮቹን እጄ ላይ ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«ሞቱብህ?»

«ሞቱ።»

«መልሳቸዋ!»

«አልመልስም።»

«ተወው እንግዲያ። ለሦስት ድንጋይ ብለህስ ምን አሶሳ ድረስ ያንከራትትሃል? እዚያ ቆርቆሮው ላይ አውጣቸው፤ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ይሙቁ። እኛ ሬድዮናችንን በምን የምንሰማ ይመስልሃል? ወገባቸውን ነከስ ነከስ፣ ከዚያ ፀሐይ ነው። ነፍስ ይዘራሉ።»

እውነቱን ነው፤ በአምባው ሁሉ የሞተ ድንጋይ የሚጥል ሰው የለም። የየካቲት ፀሐይ ደግሞ አትቀልድም። ሦስቱን ቆርቆሮው ላይ ደረደርኳቸው። ከእሷ ደጅ ከምቆም ድንጋዩን ፀሐይ ብትፈውሰው ይሻለኛል አልኩ። ኩራት ነበር። ያኔ ግን ብልሃት መስሎኝ ነበር።

ሰኞም ማክሰኞም አምባዎቹን በአሮጌ ድንጋይ ጠራኋቸው። ስበላ ጣዕሙ አይታወቀኝም። ሰው ሲያናግረኝ እመልሳለሁ፣ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም። ረቡዕ ጠዋት የትራክተር ሾፌሩ ነገሪ፣ ያገሬ ልጅ ነው፣ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ ቆመ። ነዳጅ ሊያመጣ አሶሳ መውረዱ ነው።

«ኦልጅራ! ቦታ አለኝ፣ ትሄዳለህ?»

ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አየሁ። ሦስቱ ድንጋዮች ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ምን ጉዳይ አለኝ» አልኩት።

ነገሪ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ያቺን ትራክተር አቧራዋ እስኪጠፋ ድረስ አይቻታለሁ። ሊቆጨኝ የሚገባው ያኔ ነበር፤ እኔ ግን ገብቼ ሽቦ ማጽዳት ጀመርኩ።

ሐሙስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንጋዮቹን አወረድኳቸው። ሞቀዋል። መለኪያው ላይ ሳስቀምጣቸው መርፌዋ ተነሳች፤ ብዙም አይደለም፣ ግን ተነሳች። መገናኛው ውስጥ ከተትኳቸው፣ ሠራ። ጓድ ሀብቱ ሲሰሙ «ይህ ነው በራስ መተማመን!» ብለው ጀርባዬን መቱኝ። አንለይም «አላልኩህም?» አለኝ። ያሸነፍኩ መሰለኝ። ማንን እንዳሸነፍኩ አልጠየቅኩም።

ዓርብ ሲመሽ ግን ኩራቴ አለቀብኝ። ድንዛዜውን በሆነ ነገር መውጋት አማረኝ። እሄዳለሁ፣ ሦስቱን ድንጋይ ፊቷ አስቀምጣለሁ፣ «ይህን የሸጥሽልኝ ለምንድን ነው?» እላታለሁ አልኩ። ትቆጣኝ፣ ትሳደብ፣ ብቻ ትናገረኝ። ቅዳሜ ድንጋዮቹን ከመገናኛው አውጥቼ ኪሴ ከተትኩና ወረድኩ።

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሐጂ ሻዕባን ራሳቸው ናቸው። አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል።

«ሐጂ፣ ባለፈው ሳምንት ከገዛሁት ሦስቱ አልበሩልኝም» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ከእኔ ሱቅ?»

«አዎ።»

«አስታግፊሩላህ! ስጠኝ እስቲ።»

አምፖሏን ከሚስማሩ አወረዱ። የመጀመሪያውን ድንጋይ አስነኩ፤ አምፖሏ ደብዘዝ ብላ፣ ቀይ ሆና በራች። ሁለተኛውን አስነኩ፣ በራ። ሦስተኛውም በራ። ሐጂ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«ይበራል እኮ፣ ልጄ።»

«ፀሐይ ላይ... አውጥቻቸው ነበር።»

«እንዲህ ነው? ታዲያ ከበራልህ ለምን መጣህ?»

ስድስት አምባ በአንዴ ቢጠይቀኝ የምመልስ ሰው፣ አንዲት ጥያቄ ሸሽቼ ድንጋዮቹን መደርደር ያዝኩ። ሐጂ ሳቁ፤ ደግ ሳቅ ነበር። ከባንኮኒው ስር ሰሃን አውጥተው ቴምር አቀረቡልኝ።

«ግድ የለም፣ ብላ። የደስታ ቀን ላይ መጣህ። ትናንት ከጁምዓ በኋላ የሰዕዲያ ኒካሕ ታሰረ። ባሏ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ሱዳን ዳማዚን ሱቅ አለው። እሱ በወኪል ነው ያሰረ፤ ሰኞ መኪና ይመጣል፣ እሷም ትሄዳለች። ነሲብ ነው፣ አላህ የጻፈው ዕድል። ብላ!»

ቴምሩን በላሁ። ፍሬውን ምን እንዳደረግሁት እንጃ። «እንኳን ደስ አለዎት» ማለቴን ግን አስታውሳለሁ፤ ድምፄ ደህና ነበር። ከመስጊዱ የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ተሰማ። ሐጂ ተነሱና ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ «ሰዕዲያ! ሱቁን እይ። ለዚህ ልጅ ሦስቱን ቀይሪለት። ቢበራም ቀይሪለት፤ ልቡ አላመነውም።» መንገዱን ተሻግረው በመስጊዱ ግቢ ባለው ማንጎ ጥላ ስር ወደሚሰግዱት ሰዎች ሄዱ።

ሰዕዲያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እጆቿ እስከ አንጓዋ ድረስ በሒና ጠቁረዋል። ከቀርከሃው ግድግዳ ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«በራ?» አለችኝ።

«በራ።»

«ወላሂ፣ እኔ መርጬ ነው። ሦስት ቀን ሞከርኩ። የሞተ፣ በጣም የሞተ ፈለግሁ። ለአንተ ብዬ።»

«ለእኔ የሞተ ድንጋይ?»

«እንድትመልስ ነዋ! ረቡዕ አባቴ ባምባሲ ሄደ። አክስቴ ገበያ ሄደ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ከጠዋት እስከ መግሪብ። ትራክተር መጣ፣ አየሁ። አንተ የለህም።»

«ብትጽፊልኝ ኖሮ...»

«አክስቴ አጠገቤ ተቀምጦ? ወረቀቱን እሱ ነው ያመጣ፣ አገላብጦ አይቶ ነው የሰጠኝ። የምልህ ሁሉ ነግሬሃለሁ። ያልበራ ካለ መልስ አልኩ። ሐሙስ ሳይመሽ አልኩ። ከዚህ በላይ ምን ልበል? ሰው ሁሉ ያልበራ ድንጋይ ይመልሳል!»

«የእኛ ሰው አይመልስም» አልኩ። ስናገረው ለራሴም ሞኝነቱ ተሰማኝ። «ቆርቆሮ ላይ ያወጣዋል።»

አፏን በሒናው እጇ ሸፈነች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁም።

«ሐሙስ ማታ አባቴ ጠየቀኝ» አለች። «‹የአጎትሽን ልጅ ታገቢያለሽ?› አለኝ። አክስቴ አለ፣ ሁለት ሽማግሌ አለ። እኔ ዝም አልኩ።»

«ዝም ካልሽማ አልፈለግሽም ማለት ነው!»

«እኛ ዘንድ ልጃገረድ ሲጠየቅ ዝም ካለ፣ እሺ ማለት ነው።»

የዐፊፋ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ያለውን ሁሉ ተበላሽቷል እያልኩ ስሮጥ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ብቻ አልሮጥኩም።

«እንቢ በይ ነበር፣ ሰዕዲያ።»

«ልል ነበር። አፌ ላይ ነበር። ከዚያ አሰብኩ፤ እንቢ ለማን ብዬ? ድንጋዩን ያልመለሰ ሰው፣ እኔን ትቷል አልኩ።» ዓይኖቿን ዓይኔ ላይ ተከለች። «አባትህ ጻፈ?»

«ጻፉ። እንቢ አሉ።»

«አንተስ?»

ይህን ጥያቄ ረቡዕ ልትጠይቀኝ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ነበር ሦስት የሞተ ድንጋይ የፈለገችው። ሁለት ወር የአባቴን መልስ ስጠብቅ የራሴን መልስ አልጻፍኩም ነበር።

«እኔ እወድ...»

«አትጨርስ» አለችኝ በቀስታ። «ትናንትና ጠዋት ብትል ይሻል ነበር። አሁን ሐራም ነው።»

ከመደርደሪያው ሦስት አዲስ ድንጋይ አወረደች። አምፖሏን አነሳች። ሽቦዋ አልነካ አለቻት፣ ከዚያ ነካች። የመጀመሪያው በራ፤ ፊቷን አየሁ። ሁለተኛው በራ፤ ጉንጯ ረጥቧል። ሦስተኛውን ስታስነካ አላነሳችውም፤ እንደያዘችው ቆየች። አምፖሏን አላየችም። እኔንም ዝቅ ብላ ሳይሆን ቀጥ ብላ፣ ሰው ሊረሳው የማይፈልገውን ነገር እንደሚያይ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከመስጊድ የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ ሲቀርብ አምፖሏን ሚስማሩ ላይ ሰቀለቻት፣ ሱቁም ጨለመ።

«እነዚህን ስጠኝ» አለች። ፀሐይ የሞቁትን ሦስት ድንጋዮች ሰብስባ በሻሽዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። «ያንተ ፀሐይ ያስነሳው ነው። ይዤው እሄዳለሁ።»

ሐጂ ሻዕባን በሩ ላይ ደረሱ። «ቀየርሽለት?»

«ቀየርኩ፣ አባቴ።»

«ጎሽ። ልጄ፣ ከእኛ የተጎዳህ ነገር የለም አይደል?»

«የለም፣ ሐጂ» አልኩ። እጃቸውን ጨብጬ ወጣሁ። መንገዱን በእግሬ ነው የተመለስኩት፤ መድከሜንም አላወቅኩት።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስምንቱን ድንጋይ ከተትኩ። መገናኛው እንደዚያ ቀን ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። «አምባ አንድ፣ ይሰማል?» አልኩ፣ «ይሰማል» አለኝ። አምባ ሁለትም፣ ሦስትም፣ እስከ አምስት ድረስ ተሰሙ። የሚያንኳኳ የለም፣ የሚያፏጭ የለም። አምባ ስድስት ላይ ስደርስ የምጠራው ጠፋኝ። ሰዓቱን አየሁ፤ ዳማዚን የሚሄደው መኪና የሚነሳበት ሰዓት ነበር።

አምባ ስድስት ጠብቆ ጠብቆ ራሱ ጠራኝ። «ዋና ጣቢያ፣ ይሰማል?» እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ። «ዋና ጣቢያ! ይሰማል ወይ?» እጄ ቁልፉ ላይ ነው፣ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ሌሎቹም ተራ በተራ ይጣሩ ጀመር። ዋና ጣቢያ ተበላሸ ይባባላሉ። እኔ ዝም አልኩ።

አንለይ ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ገፍቶ ገባ።

«ምነው? ድንጋዩ ሞተ እንዴ?»

«ድንጋዩስ ደህና ነው» አልኩት፤ በዘጠኝ ቀኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።